የታሪክ ማስታወሻ፦ የአጎት ቦቢ ሠርግና የሜሪላንድ ሐበሾች

የዛሬውን ማስታወሻ የምናቀርብላችሁ ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙት በዚህ 705 ሄክታር ግቢ ባሕር ዛፍ ለአገር በቀል ዛፎች ቦታ እየለቀቀ ነው። ክረምት ሲገባ ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፤ እናቶች በአማርኛ ይመልሳሉ። ከነዚህ መካከል ከሜሪላንድ የሚመጡ አይጠፉም። ታሪካችንም የእነሱው ነው።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዋሽንግተን ጋር ይዋሰናል። የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የበዛባት ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኘው እዚያ ነው። በካውንቲው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወደ 160,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ይማራሉ፤ ለወላጆች የሚላክ ማስታወቂያም በአማርኛ ጭምር ይወጣል። የትምህርት ቦርዱ በ2015 ዓ.ም የትምህርት ዘመን የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርንና የፆታ ማንነትን የሚያነሡ ባለሥዕል መጻሕፍትን በእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ አስገባ። ክርክሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በሜሪላንድ ሕግ ወላጅ ልጁን ከሥነ ፆታ ትምህርት ማስወጣት ይችላል፤ መጻሕፍቱ ግን የገቡት በንባብ ክፍለ ጊዜ ነበር።

ከመጻሕፍቱ አንዱን ልንገራችሁ። “የአጎት ቦቢ ሠርግ” ይባላል፤ የጻፈችው ሣራ ብራነን ናት። ክሎዊ የምትባል ትንሽ ልጅ አጎቷን ቦቢን ከማንም አብልጣ ትወዳለች። አጎቷ ጄሚ የሚባል ወንድ ሊያገባ መሆኑን ስትሰማ ይከፋታል። የከፋት ሙሽራው ወንድ በመሆኑ አይደለም፤ “ካገባ በኋላ ለእኔ ጊዜ አይኖረውም” ብላ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 መጀመሪያ ሲታተም ባለታሪኮቹ ሰዎች ሳይሆኑ ትንንሽ አይጥ መሰል እንስሳት ነበሩ፤ በ2020 እንደገና ሲወጣ ሰዎች ሆኑ።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያስነሣው ጠብ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከሁለት ወንዶች ጋር ስለምትኖር ጄኒ ስለምትባል ልጅ በፈረንጆቹ 1981 ዴንማርክ ውስጥ የወጣ መጽሐፍ እንግሊዝ ደርሶ ብዙ አነጋግሯል። ያ ጫጫታ የአካባቢ መስተዳድሮች ግብረ ሰዶምን “እንዳያስፋፉ” ለሚከለክለው የ1988 ሕግ አንዱ ሰበብ ሆነ። ሕጉ በእንግሊዝ የተሻረው በ2003 ነው። በ2005 ኒውዮርክ የታተመው ደግሞ በሴንትራል ፓርክ መካነ እንስሳት ጠባቂያቸው የሰጣቸውን እንቁላል አብረው ታቅፈው ስለ ፈለፈሉ ሁለት ወንድ ፔንግዊኖች የሚተርክ ነው። እውነተኛ ታሪክ ነው። ይሁንና በአሜሪካ “ከቤተ መጻሕፍት ይነሣ” የሚል አቤቱታ ከበዛባቸው መጻሕፍት ግንባር ቀደሙ ሆኖ ዓመታትን አሳልፏል።

ወደ ሜሪላንድ እንመለስ። መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤቶቹ መጻሕፍቱ ሲነበቡ ልጁ ከክፍል እንዲወጣ ለጠየቀ ወላጅ ይፈቅዱ ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም ቦርዱ ይህን አስቀረ። ጥያቄው በዝቶ ክፍል ማስተዳደር አስቸገረ፤ ልጆች እየተነሡ ሲወጡም መጻሕፍቱ በሚያሳዩአቸው ዓይነት ቤተሰቦች ውስጥ የሚያድጉ ልጆች ይሸማቀቃሉ የሚል ነበር ምክንያቱ። ወላጆች በግንቦት ከሰሱ። በሰኔ ደግሞ በሮክቪል፣ በቦርዱ ጽሕፈት ቤት ደጅ፣ ብዙ መቶ ሰው ተሰለፈ። በሰልፉ ጎልተው የታዩት ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ነበሩ። የአገራችን ሰው በስደት አገር ብዙ ሰልፍ ወጥቷል፤ አብዛኛው ግን ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ነው። ስለ ልጁ የንባብ ክፍል እንዲህ ሆኖ አደባባይ መውጣቱ የተለመደ አይደለም።

ጠያቂዎቹ “መጻሕፍቱ ይቃጠሉ” አላሉም። ክሱ የጠየቀው “አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ልጆቻችንንም እንድናስወጣ ፍቀዱልን” ብቻ ነው። አገር ቤት ወሬው ሲደርስ ይህ ልዩነት ጠፍቶ፣ መጽሐፍ የታገደ ያህል የተናገረው ብዙ ነው።

የወረዳው ፌዴራል ፍርድ ቤት በነሐሴ 2015፣ ይግባኝ ሰሚው ደግሞ በግንቦት 2016 ለወላጆቹ አልፈረዱም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለወላጆቹ ፈረደ። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ በጻፉት ውሳኔ አሠራሩ ወላጆች ልጆቻቸውን በሃይማኖታቸው የማሳደግ መብታቸውን ይጫናል ተባለ። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር በተቃውሞ ሐሳባቸው ከራሳቸው ከተለዩ ሰዎች ጋር መተዋወቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንዱ ፋይዳ ነው ሲሉ ተከራከሩ፤ የአጎት ቦቢን መጽሐፍም በሐሳባቸው ላይ አባሪ አደረጉት። የልጆች ተረት ከነሥዕሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰነድ ሆኖ ቀረ።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በወንጀልነት ስለሚፈርጅ፣ ይህ ጥያቄ አገር ቤት ከመጽሐፍ መደርደሪያ አልደረሰም። የእኛ ችግር ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ባለሥዕል የልጆች መጽሐፍ ራሱ ብርቅ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳንፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳሉ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ሲያዩ የኢትዮጵያን አጡ። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በፈረንጆቹ 2003 ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፦ ልጅ ራሱንና ቤቱን የሚያይበት መጽሐፍ ይገባዋል።

የሞንትጎመሪ ቦርድም ሁለት እናት ወይም ሁለት አባት ላላቸው ልጆች ያቀረበው ምክንያት ይኸው ነው። ለዮሐንስ ያጨበጨበ ሰው ምክንያቱን ከሌላ አፍ ሲሰማው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ወላጅ “ቀድማችሁ ንገሩኝ” የማለት መብት አለው፤ እኔም ከዚያ ጋር ነኝ። ከልጁ አጠገብ የተቀመጠችውን የሁለት እናቶች ልጅ የማሸማቀቅ መብት ግን ፍርዱ ለማንም አልሰጠም።

በዚያ ፍርድ የተወሰነው ይህ ነበር፦ ፍርድ ቤቱ መጻሕፍቱን አላገደም፤ ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ ቦርዱ ለከሳሾቹ አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ልጆቻቸውን እንዲያሰናብት ነው ያዘዘው። ሜሪላንድ ዘመድ ያላችሁ አድማጮች፣ ስትደውሉ ይህን ንገሯቸው፤ ልጃቸውን የሚያስወጡም ቢሆን መጀመሪያ መጽሐፉን ራሳቸው ያንብቡት። ቡናው ተቆልቶ እስኪወቀጥ ተነቦ ያልቃል።