ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለምን ቆመ?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ቡና ሲፈላ ጨዋታችን ዞሮ ዞሮ ባቡር ላይ ይወድቃል። የድሬዳዋ ሴቶች ነንና አይገርምም፤ ከመካከላችን በባቡር ሽንኩርትና ቲማቲም አመላልሰን ልጆች ያሳደግን አለን። ስለ ጥንቱ ሲነሣ ግን «ምኒልክ አስገቡት፣ ፈረንሳይ ሠራው» ተብሎ ይታለፋል። በመሀሉ ያለውን የገንዘብ ጉዳይ፣ ቆጣቢዎች ስለሆንን፣ ልናወጋችሁ ወደድን።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሸፍኔ አጋሩ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ ጠባብ መስመር ወጪው ይቀላል።

ወጪው ግን አልቀለለም። ገና ከጅቡቲ እንደወጡ ደረቅ ሸለቆዎች ገጠሟቸው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ ወንዝ ደጋ ላይ ሲዘንብ ድንገት ሞልቶ ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል፤ የደቻቱን ጎርፍ ለምናውቅ ይህ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ሸበሌና ሆልሆል ላይ ትልልቅ የብረት ድልድዮች ተሠሩ። የሆልሆሉ 138 ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታው 29 ሜትር ያህል ነው። ብረቱ በመርከብ መጥቶ፣ ውሃ ብርቅ በሆነበት ሐሩር ተገጣጠመ። መስመሩ በኢሳዎች የግጦሽ መሬት ያልፍ ስለነበርም ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ።

በዚህ መሀል የኩባንያው ካዝና ተራቆተ። እንግሊዛውያን ባለገንዘቦች አክሲዮን መግዛት ጀመሩ። መስመሩ በእንግሊዝ እጅ እንዳይወድቅ የፈራው የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊረዳ ተዋዋለ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ የበላይነት አገኘ። ፈቃዱን የሰጡት ምኒልክ አልተጠየቁም። (ለጋሾቻችን እንዳትቀየሙን! የእናንተ ውል እኛም የፈረምንበት ነው።)

ሐረር ይገባል የተባለው ባቡር ተራራውን መውጣት ከባድ ሆኖበት፣ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ደረሰ። ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። ንጉሡ በውሉ ተቆጥተው ነበርና ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል አልፈቀዱም። ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ፣ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ሐዲዱ እዚህ በቆመባቸው ዓመታት ወደ መሀል አገር የሚሄደው ዕቃ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ከተማችን የቆመችው በዚያ ማውረድና መጫን ነው። ያን ሁሉ ሲራራ ነጋዴ ማን እንጀራ ጋግሮ እንዳበላው መገመት ለእኛ አያስቸግረንም።