በአገልግሎት ላይ ያሉ ጥንታዊ ሕንፃዎችና የባለቤትነት ጥያቄ

ጥንታዊ ሕንፃ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ዙሪያው የታጠረና ትኬት የሚቆረጥበት ፍርስራሽ ነው። ከሺሕ ዓመት በላይ ቆይተው ዛሬም ሥራ ላይ ያሉ ሕንፃዎች ግን አሉ። ለሕግ ባለሙያ የሚያስቸግሩትም እነዚህኞቹ ናቸው። ፍርስራሽ አንድ ጠባቂ ይበቃዋል፤ በአገልግሎት ላይ ያለ ሕንፃ ግን ባለቤት፣ ተገልጋይና ጠጋኝ አለው። ሦስቱ አንድ ሆነው የሚገኙት ደግሞ ከስንት አንዴ ነው።

የሮማውን ፓንቴዎን እንውሰድ። በንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን እ.ኤ.አ. በ126 ገደማ ተሠርቶ ያለቀ የጣዖታት ቤተ መቅደስ ነበር። ብረት ያልገባበት የኮንክሪት ጉልላቱ 43 ሜትር ያህል ስፋት አለው። አናቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ ክዳን ስለሌለው ዝናቡ በቀጥታ ወለሉ ላይ ይወርድና ወለሉ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ይፈስሳል። ብዙዎቹ የዘመን ጓደኞቹ ድንጋያቸው እየተነቀለ ለሌላ ግንባታ ሲጋዝ፣ እሱን ያተረፈው በ609 ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው። (በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፊት በረንዳውን ነሐስ ያስነቀሉት ራሳቸው ጳጳሱ፣ ኡርባን 8ኛ፣ መሆናቸው ሳይዘነጋ።) ዛሬ ንብረትነቱ የጣሊያን መንግሥት ሲሆን ቅዳሴም ይቀደስበታል። በሐምሌ 2023 ለጎብኚ የ5 ዩሮ ክፍያ ተጀመረ፤ ለቅዳሴ የሚመጣ ምእመን ግን አይከፍልም። ከገቢው 70 በመቶው ለባህል ሚኒስቴር፣ 30 በመቶው ለሮማ ሀገረ ስብከት እንዲሆን በጽሑፍ ተስማምተዋል። እኔን የሚያስቀናኝ ይህ ወረቀት ነው።

ወረቀት ሲጣላ ምን እንደሚሆን ያሳየን ደግሞ የኢስታንቡሉ ሀጊያ ሶፊያ ነው። በ537 ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተመረቀ፤ በ1453 መስጊድ ሆነ፤ በ1934 በካቢኔ ውሳኔ ወደ ሙዚየምነት ተለወጠ። ሐምሌ 10 ቀን 2020 የቱርክ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሻረው። ምክንያቱ ከሃይማኖት ክርክር ይልቅ የንብረት ሕግ ነበር፦ ሕንፃው የሱልጣን መህመድ ወቅፍ ስለሆነና በመስጊድነት ስለተመዘገበ፣ ካቢኔው ለሌላ አገልግሎት ሊያውለው አይችልም የሚል። በፍርዱ መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። አምስት መቶ ዓመት የተሻገረ የስጦታ ሰነድ በዘመናዊ ፍርድ ቤት መርታቱን ግን ልብ ይሏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም እጅ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሎ፣ እንዳሻው ግን ሊጠገን እንደማይችልና አስቀድሞ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ደነገገ። ለወረቀቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ላሊበላ ላይ ይታያል።

አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች መካከል ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትላልቅ መጠለያዎች ተተከሉላቸው። ሐሳቡ ዝናብን መከላከልና ለጊዜው ማቆየት ነበር። ጊዜው ግን ረዘመ፤ ካህናቱና ነዋሪው የብረቱ ክብደት ዓለቱን እንዳይጎዳ፣ ነፋስም ገፍቶ እንዳይጥለው ሠጉ። በ2011 ዓ.ም. ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ቦታውን ጎብኝተው እርዳታ ለመስጠት ቃል ገቡ። ያስከፋኝ ነገር ቢኖር በየቀኑ የሚያስቀድሰው ሰው ድምፁ እንዲሰማ ሰልፍ መውጣት ማስፈለጉ ነው።

ተገልጋዩ ሁሌ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። በገመድ ብቻ የሚወጣበት የደብረ ዳሞው ቤተ ክርስቲያን መነኮሳቱ ሳይለቁት ለዘመናት ቢኖሩበትም፣ እያዘመመ የነበረውን የድንጋይና የእንጨት ግድግዳ እ.ኤ.አ. በ1948 ያስጠገነው እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሬክ ማቲውስ ነው። ጸሎት ብቻውን የበሰበሰ ምሰሶ አይቀይርም። የሰው እግር፣ የጧፍ ጢስና የእጅ ዳሰሳም ድንጋይ ይበላሉ።

በገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ዓለቱ ጠርዝ ላይ ተደርድረው የሚያሸበሽቡትን ካህናትና ከሥር ነጭ ለብሶ የሚታደመውን ሕዝብ ያየ ሰው የጭነቱን ነገር ማሰቡ አይቀርም። አንድ መሐንዲስ ቁጥሩን ይወስን ቢባል መብቱ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ለካህናቱ ሳይነግር በደብዳቤ ቢወስን ግን፣ ደብዳቤውን የሚያስፈጽምለት ሰው እዚያ ከተማ ውስጥ የሚያገኝ አይመስለኝም።