የንግሥት አና ዜና ሕይወትና ዜና ዕረፍት

በኢትዮጵያ አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ አድርጎ በነገሠበት ዘመን፣ በፈረንሳይ ምድር አና የምትባል ንግሥት ነበረች። እርሷም የስፔኑ ንጉሥ የ3ኛው ፊሊጶስ ልጅ ስትሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 22 ቀን 1601 በቫያዶሊድ ከተማ ተወለደች። የኦስትሪያዋ አና ተብላ የምትጠራው ወላጆቿ ሀብስቡርግ ከተባለውና መሠረቱ ኦስትሪያ ከሆነው ሥርወ መንግሥት ስለ ተወለዱ እንጂ እርሷ በዚያ ተወልዳ አይደለም። በ1615፣ ገና በ14 ዓመቷ፣ ሁለቱን መንግሥታት ለማስታረቅ ሲባል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለ13ኛው ሉዊ ተዳረች፤ ባሏም እኩያዋ ነበር።

ጋብቻው ፍቅርን አላመጣም፤ ልጅንም እስከ ብዙ ዘመን አልሰጠም። በ1622 ንግሥቲቱ ነፍሰ ጡር ሆና ሳለ በሉቭር ቤተ መንግሥት አዳራሽ ከወይዛዝርቶቿ ጋር ስትሮጥ ተደናቅፋ ወደቀችና ፅንሱ ጨነገፈ፤ ንጉሡም ይህን በደል አድርጎ ቆጠረባት። አልጋ ወራሽ ያልወለደች ንግሥት በባዕድ አገር መከታ የሌላት እንግዳ ናት፤ አናም ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሁኔታ ኖረች። ስፔንና ፈረንሳይ ሲዋጉ፣ በ1637፣ ለወንድሞቿ በምስጢር ደብዳቤ ስትጽፍ ተደረሰባትና በንጉሡ ዋና ሚኒስትር በካርዲናል ሪሽልዮ ፊት ጥፋቷን አምና ለመፈረም ተገደደች።

በማግስቱ ዓመት ግን፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1638፣ ተስፋው ሁሉ ከተቆረጠ በኋላ፣ 37 ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕዝቡም ሕፃኑን በቋንቋው «እግዜር የሰጠው» ብሎ ጠራው፤ እርሱም በኋላ 14ኛው ሉዊ የተባለው ነው። በ1640 ደግሞ ፊሊጵ የተባለውን ሁለተኛውን ልጇን አገኘች። የነገሥታት ልጆች ለሞግዚት ተሰጥተው ወላጆቻቸውን በሥርዓት ቀን ብቻ በሚያዩበት በዚያ ዘመን አና ልጆቿን ከአጠገቧ አላራቀችም፤ ሉዊ በ1647 ፈንጣጣ ይዞት በሞት አፋፍ ላይ ሳለም ከአልጋው አጠገብ ሆና አስታመመችው። ወንድ ልጅ ቢሰጣት ቤተ ክርስቲያን ልትሠራ ተስላ ነበርና፣ በፓሪስ ቫል ደ ግራስ በተባለው የሴቶች ገዳም የተሳለችውን ማሠራት ጀመረች፤ በ1645 የመሠረቱን ድንጋይ ያስቀመጠው የ6 ዓመቱ ልጇ ራሱ ነበር።

13ኛው ሉዊ በሜይ 14 ቀን 1643 ሲሞት፣ ሥልጣኗን የሚገድብ ኑዛዜ ትቶባት ነበር። እርሷ ግን በአራተኛው ቀን ሕፃኑን ንጉሥ ይዛ ወደ ፓሪስ ፓርላማ ሄደች፤ ይህ ፓርላማ ሕግ የሚመዘግብና ዳኝነት የሚሰጥ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አልነበረም፤ ኑዛዜውንም ሽሮ በልጇ ስም መንግሥቱን ያለ ገደብ እንድታስተዳድር ፈቀደላት። ካርዲናል ማዛሬንን አማካሪዋ ማድረጓን የነቀፉ ብዙዎች ናቸው፤ ነቀፋውም ሁሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የያዘችውን ሥልጣን ለራሷ እንዳልፈለገችው በኋላ ታየ፤ ልጇ 13 ዓመት ሞልቶት ለአካለ መጠን በደረሰ ጊዜ፣ በ1651፣ በአደባባይ አስረክባዋለችና።

ከዚያ በፊት ግን ፍሮንድ የተባለው የዳኞችና የመሳፍንት ዐመፅ ተነሥቶ ከ1648 እስከ 1653 አገሪቱን አመሰ። በ1649 የሰብአ ሰገል በዓል ዋዜማ ማታ ንግሥቲቱ ምንም እንዳላሰበ ሰው ከወይዛዝርቶቿ ጋር የበዓሉን ኬክ ቆርሳ ከበላች በኋላ ወደ መኝታዋ ገባች፤ ሌሊት ግን ተነሥታ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ በብርድ ከፓሪስ ወጣች። የደረሱበት የሴን ዠርሜን ቤተ መንግሥት ዕቃ ያልገባበት ባዶ ቤት ነበርና ብዙዎቹ በጭድ ላይ ተኙ። በ1651 ፌብሩዋሪ ደግሞ ንጉሡ ሊወሰድብን ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን በከበበ ጊዜ፣ አና በሩን አስከፍታ የተኛውን ልጇን እያለፉ እንዲያዩት ፈቀደች፤ ወታደር ከማሰለፍ ይልቅ የበለጠ ድፍረት የሚጠይቅ ይህ ነበር፤ ሰዎቹም ልጁን አይተው በጸጥታ ተመለሱ።

በ1663 አና በጠና በታመመች ጊዜ፣ መላው አውሮፓ የሚፈራው ንጉሥ ልብሱን ሳያወልቅ በእናቱ አልጋ ግርጌ ፍራሽ አንጥፎ ያድር ነበር። ከዚያ በሽታ ተፈወሰች፤ ነገር ግን በ1664 በግራ ጡቷ ላይ ያለ ዕጢ ያሠቃያት ጀመር፤ በዚያም ዓመት መጨረሻ ነቀርሳ፣ ዛሬ ካንሰር የሚባለው ደዌ፣ መሆኑ ታወቀ። ንግሥቲቱ በቫል ደ ግራስ መነኮሳይያት በዚህ ደዌ ተበልተው ሲሞቱ አይታ ነበርና ከበሽታ ሁሉ አብልጣ ትፈራው እንደ ነበር፣ ዜናዋን የጻፈችው ባለሟሏ ማዳም ደ ሞትቪል መስክራለች።

የዘመኑ ሐኪሞች ነቀርሳ በሰውነት ውስጥ ከሚከማች ጥቁር ሐሞት ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር፤ ሥር መስደዱንና ወደ ሌላ አካል መዛመቱን የሚያቆም መድኃኒት አልነበራቸውም፤ ማደንዘዣም ገና አልታወቀም። አንድ የገጠር ቄስ ዕጢውን ያደርቃል ያለውን ቅባት ቀባት፤ አልጠቀማትም። ቀጥሎ ከሎሬን የመጣው አልዮ የተባለ ሐኪም አርሴኒክ የተባለውን መርዝ የያዘ ልጥፍ እያደረገ ሥጋውን ይገድልና የሞተውን በምላጭ እየቀነሰ ያነሣ ነበር። ቆዳዋ ከስስ በፍታ በቀር ሌላ ጨርቅ የማይችልና መልካም ሽታ የምትወድ ሴት፣ ቁስሏ በሚታጠብበት ሰዓት ሽቶ የተሞላ ከረጢት ወደ አፍንጫዋ እያስጠጉላት ይህን ሁሉ በሰው ፊት ታገሠች፤ ሥቃዩንም ስለ ኃጢአቷ እንደ ተሰጣት ንስሐ ተቀበለችው።

በአውሮፓ ሁሉ በውበታቸው የተመሰገኑ እጆቿ በመጨረሻው ቀን ባበጡ ጊዜ፣ ተመልክታቸው የመሄጃዋ ሰዓት መድረሱን ተናገረች። ሉዊ ራሱን ሊስት ሲል ከክፍሉ አወጡት፤ ታናሹ ፊሊጵ ግን ከአጠገቧ ሳይለይ እስከ ፍጻሜዋ ቆየ። ንግሥት አና ጃኑዋሪ 20 ቀን 1666 ንጋት ላይ በሉቭር ቤተ መንግሥት፣ በ64 ዓመቷ ዐረፈች። ሥጋዋ በነገሥታቱ መቃብር በሴን ደኒ፣ ልቧም ተለይቶ ለልጇ ስትል በተሳለችው በቫል ደ ግራስ ተቀመጠ። ገዳሙ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1793፣ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል እንዲሆን ተወሰነ፤ ከዚያም በኋላ እስከ 2016 ድረስ፣ ከ200 ዓመት በላይ፣ በዚህ ስም በሚጠራው ሆስፒታል በሽተኞች ይታከሙ ነበር።