አንድ አንደበት፣ ሁለት ስብከት፦ ዮሐንስ አፈወርቅ በተከፋፈለችው አንጾኪያ



ይዤው የመጣሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ በጎራ በተከፋፈለ ጉባኤ ፊት የሚቆም ክርስቲያን ሰባኪ ስብከቱ ሠመረ የሚባለው መቼ ነው? እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሰባኪ አይደለሁም። ስለዚህ ምክር ከመስጠት ይልቅ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ የሰበከውን የዮሐንስ አፈወርቅን ታሪክ አቀርባለሁ። ዮሐንስ በአገራችን እንግዳ አይደለም። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴዎች አንዱ በስሙ ይጠራል፤ በዕብራውያን መልእክት ላይ የሰጠውን ትርጓሜም አባ ዕንባቆም በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ ግእዝ መልሰውታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ በ386 ቅስና ተቀብሎ መስበክ ሲጀምር አንጾኪያ ከሮም ግዛት ታላላቅ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ አንድ ልብ ግን አልነበራትም። የጥንቱን አማልክት የሚያመልኩ ነበሩ፤ ሰፊ የአይሁድ ማኅበረሰብ ነበር፤ የአርዮስን ትምህርት የተከተሉ ክርስቲያኖችም ነበሩ። የኒቅያን ሃይማኖት የተቀበሉት እንኳ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ከ362 ጀምሮ ሜሌጥዮስና ጳውሊኖስ ለአንድ መንበር ሁለት ጳጳሳት ሆነው ቆዩ። ሮሜና እስክንድርያ ጳውሊኖስን ሲደግፉ አብዛኛው ምሥራቅ ከሜሌጥዮስ ጋር ቆመ። ሜሌጥዮስ በ381 ሲያርፍ ፍላቭያኖስ ተተካ፤ ጠቡ ግን አልበረደም። ዮሐንስን ዲቁና የሾመው ሜሌጥዮስ፣ ቅስና የሾመው ፍላቭያኖስ ነው። ወደ ዐውደ ምሕረት የወጣው እንግዲህ የአንድ ወገን ሰው ሆኖ ነበር።

በ387 መጀመሪያ አዲስ ግብር ታወጀ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ወደ አገረ ገዢው ደጅ ጎረፈ፤ በመጨረሻም የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን የነሐስ ሐውልቶች ገንድሶ በመንገድ ጎተተ። የንጉሥን ምስል መድፈር ንጉሡን እንደ መድፈር ይቆጠር ነበርና ከተማይቱ በአንድ ቀን ውስጥ ከቁጣ ወደ ድንጋጤ ተሸጋገረች። የተያዙት ተገደሉ፤ ብዙዎች ወደ ገጠር ሸሹ። አረጋዊው ፍላቭያኖስ ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የተሸበረው ጉባኤ በዮሐንስ እጅ ቀረ።

በዚያ ወቅት የሰበካቸው «ስለ ሐውልቶቹ» በሚል ስም ደርሰውናል፤ በተለምዶ 21 ተብለው ይቆጠራሉ። ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታዩኛል።

አንደኛው ዝምታው ነው። ከሁከቱ በኋላ ሰባት ቀን አልሰበከም፤ ምክንያቱን ሲገልጽም ከኢዮብ ጋር በዝምታ የተቀመጡትን ወዳጆቹን ጠቀሰ። ልቅሶ ቤት የገባ ሰው ተቀምጦ ሳያለቅስ ምክር እንደማይጀምር ያውቅ ነበር።

ሁለተኛው ለአድማጩ የሰጠው ሥራ ነው። በግብሩና በዐመፁ ጉዳይ ጎራ ከመለየት ይልቅ መሐላን ተዉ ይላል፤ ደጋግሞም ይመለስበታል። ከተማ በሞት ጥላ ሥር ሳለች ስለ መሐላ መስበክ እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን መሐላ የጠብ ቋንቋ ነው፤ ሰውን ከተናገረው ቃል እንዳይመለስ ያስረዋል። «እገሌ ይሙት» እያልን ለምንገበያይ ለእኛ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ሄሮድስ በመሐላው ምክንያት የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት እንዳስቆረጠ እያስታወሰ፣ በየቤቱ የማለ ሰው እራት ሳይበላ ይደር የሚል ተግባራዊ ቅጣት አቀረበ። የትኛውም ወገን ለራሱ የሚሠራው ሥራ አገኘ።

ሦስተኛው ስለ ክብር ያስተማረው ነው። ንጉሡ የከተማይቱን የመናገሻነት ማዕርግ ገፎ ለሎዶቅያ ሲሰጥ፣ መታጠቢያ ቤቶችና ቴአትሮች ሲዘጉ ሕዝቡ ተዋረድን አለ። ዮሐንስ ግን አንጾኪያን ያከበራት ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት መሆኗና በረሃብ ዘመን ለኢየሩሳሌም እርዳታ መላኳ እንደሆነ አስታወሳቸው። ማንም ሊገፍፈው የማይችለውን የጋራ ክብር አሳያቸው ማለት ነው።

አድማጮቹ ያጨበጭቡለት ነበር። እርሱ ግን ቤተ ክርስቲያን ቴአትር አይደለችም ብሎ ገሠጻቸው፤ ውዳሴዬ ቃሉን መፈጸማችሁ ነው አለ። መሐላው እንዳልቆመ ደግሞ ከራሱ ተደጋጋሚ ወቀሳ እንረዳለን። ጭብጨባ ሌላ፣ መሥመር ሌላ ነው።

ከትንሣኤ በፊት ምሕረቱ ተሰማ፤ ፍላቭያኖስም ተመለሰ። ምስጋናው የማን ነው? ዮሐንስ ለጳጳሱና ከተራራ ወርደው ስለ ሕዝቡ ለተማለዱ መነኮሳት ይሰጣል። በዚያው ከተማ የነበረው አረማዊው የንግግር መምህር ሊባንዮስ ደግሞ ንጉሡ የላካቸውን ሹማምንት ኤሌቢኮስንና ቄሳርዮስን ያመሰግናል፤ ፍላቭያኖስን አያነሣም። አንዲት ከተማ በአንድ ምሕረት ዳነች፤ ሁለቱ ወገኖች ግን ሁለት ታሪክ ጻፉ። ተማሪዎቼን ሁለቱንም አንብቡ የምለው ስለዚህ ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆም ለብዙዎቻችን ደስ የሚል ትምህርት በሆነ ነበር። ሙሉ ግን አይሆንም። በዚያው የስብስቡ መጀመሪያ፣ ከሁከቱ ቀደም ብሎ በሰበከው ስብከት፣ ዮሐንስ እግዚአብሔርን የሚሰድብ ሰው በመንገድ ቢገጥማችሁ ገሥጹት፣ ካስፈለገም በጥፊ ምቱት ብሏል። ከሁከቱ በኋላም ጥፋቱን በጥቂት መጻተኞች ላይ ጥሏል። ከሁሉ የሚከብደው ግን በ386 እና በ387 የአይሁድ በዓላት ሲቃረቡ የሰበካቸው ስምንት ስብከቶች ናቸው። አድማጮቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። አንዳንዶቹ በአይሁድ በዓላት ይገኛሉ፤ በምኵራብ የተማለ መሐላ ይበልጥ ያስፈራል ብለው ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ፈውስም ይሻሉ። በተከፋፈለች ከተማ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝባት ጠባብ በር ይህች ነበረች። ዮሐንስ በሩን ለመዝጋት ሲል አይሁድንና ምኵራባቸውን እጅግ በሚያዋርድ ቃል ተናገረ።

የዘመኑ የንግግር ጥበብ ተቃዋሚን እያጋነኑ ማንቋሸሽን እንደሚፈቅድ እናውቃለን። ይህ ግን ማብራሪያ እንጂ ማስተባበያ አይደለም። ኋለኞቹ ዘመናት ከእነዚያ ስብከቶች እየቆነጸሉ ለአይሁድ ጥላቻ መደገፊያ አድርገዋቸዋል። ሰባኪው በአዳራሽ የተናገረውን ሐተታ ጸሐፍት ቢመዘግቡት፣ ቃሉ ሰባኪው ፈጽሞ ሊያዝዝበት ወደማይችል እጅ ደረሰ።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ሁለቱን ስብከቶች የሰበከው አንድ ሰው፣ በአንድ ከተማ፣ በተቀራረቡ ወራት ነው። አንደበቱ በሁለቱም ወርቅ ነበር። ልዩነቱ ያለው የአድማጩ ጣት ወዴት እንዲጠቁም በማድረጉ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጣት ወደ ራስ አፍ፣ ወደ ራስ ቤት፣ ወደ ራስ ማዕድ ተመለሰ። በሁለተኛው በጉባኤው ወዳልነበረና መልስ መስጠት ወደማይችል ጎረቤት ዞረ። ስለዚህ ስብከት በተከፋፈለ ሕዝብ መካከል መሥመሩን ስንመዝን፣ አድማጩ ከደጅ ሲወጣ ለመሥራት የተዘጋጀው በማን ላይ ነው ብለን እንጠይቅ።

ዮሐንስ በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን፣ ፍላቭያኖስንና ሮሜን ያራራቀው የቆየ መለያየት እንዲያበቃ ደክሟል፤ ተሳክቶለታልም። የአንድ ወገን ሰው ሆኖ የጀመረ ሰባኪ በወገኖች መካከል ድልድይ ሊሆን እንደሚችል ይህ ይመሰክራል። ያው ሰው በ407 በስደት አረፈ። ቃሉ ግን፣ የሚያስታርቀውም የሚያቆስለውም፣ እስከ ዛሬ እየተነበበ ነው።