የአርበኛው ጠባሳና የመዝገብ ቤቱ ወረቀት

በአምስቱ የወረራ ዓመታት በደብረ ብርሃንና በአንኮበር፥ በተጉለትና በመንዝ የተዋጋው አርበኛ የደመወዝ መዝገብ አልነበረውም። ስንቁን ከዘመድ፥ ጥይቱን ከጠላት እያገኘ ይዋጋ ነበር። ሲቈስልም ጓደኞቹ ተሸክመው ወደ ዋሻ ወይም ወደ ገበሬ ቤት ያስገቡታል፤ ቀኑን ግን ማን ይጽፍለታል?

በ1933 ዓ.ም. ድል ከተገኘ በኋላ ለአርበኞች ሜዳይ ተሠራ። በጥብጣቡ ላይ የሚደረገው ዘንባባ የተጋድሎውን ዘመን ያመለክታል፤ ይኸውም ለአንድ ዓመት አንድ ዘንባባ ነው። ስለ ቍስል ግን ዘንባባው ዝም ይላል። እንግዲህ ስለ ቍስሉ ሜዳይ ይገባኛል ብሎ የሚያመለክት ሰው ምን ያቅርብ? ጠባሳውን ቢያሳይ፥ ጠባሳ ቦታና ቀን አይናገርም። አለቃህን ምስክር አምጣ ቢባል፥ ብዙዎቹ አለቆች ድሉን ሳያዩ ወድቀዋል። ዛሬ በደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራው ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ የተሰዉት በ1930 ዓ.ም. ነው። ራስ አበበ አረጋይ እስከ ድሉ ደርሰዋል፤ ነገር ግን የሸዋን ቍስለኛ ሁሉ አንድ ሰው እንዴት ለይቶ ያውቃል?

ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ጦረኞች የስም መዝገብም ሐኪምም ነበራቸው። ስለዚህ 121 ሙታን፥ 536 ቍስለኞች ተብሎ በአኃዝ ተጽፎላቸዋል። ለመንዝ ቍስለኛ እንዲህ ያለ አኃዝ የለም። በመዝገብ ቤት አቧራ የለበሰ የአርበኛ ማመልከቻ ሲገኝ እንደ ልመና ወረቀት ባይጣል መልካም ነው፤ ሽማግሌው በውስጡ ያስጻፈው የወንዝና የጓደኛ ስም በሌላ ስፍራ አልተጻፈምና።