ዩሪያን በኤሌክትሪክ ኃይል ማምረት፦ የካታሊስት ሚና እና ለአርሶ አደሩ ያለው ትርጉም

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ በዳባትና በደባርቅ አካባቢ፣ ስንዴና ገብስ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች ከሚጠቀሙባቸው ማዳበሪያዎች አንዱ ዩሪያ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሚይዝ፣ አንድ ባለ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። አገራችን ይህን ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ በዋናነት በጅቡቲ ወደብ በኩል ታስገባለች። በመሆኑም የዓለም ገበያ ዋጋ መናርና የመጓጓዣ መዘግየት እስከ አርሶ አደሩ ማሳ ድረስ ይሰማል።

ዩሪያ በአሁኑ ወቅት እንዴት ይመረታል?

ዩሪያ አንድ የካርቦን አቶም ከሁለት የናይትሮጅን አቶሞች ጋር የተሳሰረበት ውህድ ነው። በፋብሪካ በቅድሚያ የአየር ናይትሮጅንና በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኝ ሃይድሮጅን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተዋሕደው አሞኒያ ይሆናሉ። ቀጥሎ አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ዩሪያ ይገኛል። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በተፈራረመው ስምምነት መሠረት በጎዴ የሚገነባው፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት የታቀደው ፋብሪካም የተፈጥሮ ጋዝን በግብዓትነት የሚጠቀም ነው።

በጥናት ላይ ያለው ዘዴ ምንድን ነው?

በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ተመራማሪዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ናይትሬትን በውሃ ውስጥ፣ ያለ ከፍተኛ ሙቀትና ግፊት፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ለማዋሐድ እየሠሩ ነው። ለዚህ ወሳኙ ካታሊስት ነው፤ ይኸውም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ በኤሌክትሮድ ገጽ ላይ የሚቀመጥ እንደ መዳብ ያለ ንጥረ ነገር ነው።

ዋናው ችግር ንጥረ ነገሮቹ በየፊናቸው መለወጣቸው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ናይትሬቱ አሞኒያ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ውሃውም ሃይድሮጅን ይለቃል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ላልተፈለገ ውጤት ይባክናል። ስለዚህ ካርቦን የያዘውንና ናይትሮጅን የያዘውን ውህድ በአንድ ጊዜ፣ ጎን ለጎን ይዞ የሚያገናኝ ገጽ መንደፍ ያስፈልጋል። ፓላዲየምንና መዳብን የመሳሰሉ ሁለት ብረቶችን ማቀናጀት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ነው።

ለተገልጋዮች ምን ማለት ነው?

ዘዴው ገና በምርምር ደረጃ ላይ ይገኛል። ከተሳካ፣ አብዛኛው ኤሌክትሪኳ ከውሃ ኃይል ለሚመነጨው አገራችን፣ ማዳበሪያን በተጠቃሚው አቅራቢያ በአነስተኛ ማምረቻዎች ለማዘጋጀት ዕድል ሊከፍት ይችላል። እስከዚያው አርሶ አደሮች ማዳበሪያን ከሚኖሩበት ቀበሌ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲገዙ፣ ለማሳቸው የሚስማማውን መጠንና የአጨማመር ጊዜ ደግሞ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ እንዲጠይቁ ይመከራል።