የቤት ራውተርና የጨዋታ ሰርቨር፤ ጥንተ ነገሩ

በቤቱ ኮምፒውተር ላይ የማይንክራፍት ሰርቨር አቁሞ ባልንጀሮቹን ለጨዋታ የጠራ ሰው፣ ሰርቨሩ ከቤት ውስጥ ለሚገቡት ተከፍቶ ከውጭ ለሚመጡት ተዘግቶ ባገኘው ጊዜ፣ ጥፋቱን በራሱ ወይም በራውተሩ ላይ መጫኑ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የችግሩን ሥር ተከታትሎ ለሚመረምር፣ ጥንተ ምክንያቱ የአድራሻ ቁጥር ማነስና ማነሱን ለማስታገሥ ለጊዜው ተብሎ የተደነገገ ሥርዓት ሆኖ ይገኛል።

የኢንተርኔትን የአድራሻ ሕግ የወሰነው ሰነድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1981 ሲወጣ፣ ለእያንዳንዱ አድራሻ 32 ቢት ስለ መደበ፣ የአድራሻዎቹ ጠቅላላ ድምር 4,294,967,296 ሆነ። መረቡ በዚያን ዘመን ያገናኝ የነበረው በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ተቋሙ የሚገኙ ጥቂት መቶ ኮምፒውተሮችን ነበርና፣ ቁጥሩ ኍልቈ መሳፍርት የሌለው መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። እያንዳንዱም ኮምፒውተር የራሱ አድራሻ ስለ ነበረው፣ ሌላውን ለመጥራትም ሆነ በሌላው ለመጠራት የሚያግደው አልነበረም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን መረቡ ወደ ንግድ ቤቱና ወደ መኖሪያ ቤቱ ሲስፋፋ፣ አድራሻው ማለቁ እንደማይቀር ታወቀ። ኬልድ ኤገቫንግና ፖል ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1994 ባወጡት ሰነድ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች በጥቂት ይፋዊ አድራሻዎች የሚገለገሉበትን ዘዴ አቀረቡ፤ ሰነዱም ዘዴውን ከአጭር ጊዜ መፍትሔዎች እንደ አንዱ ቈጠረው። በየካቲት 1996 ደግሞ በ10 እና በ192.168 የሚጀምሩትን ጨምሮ ለውስጥ አገልግሎት የተለዩ አድራሻዎች ተደነገጉ። ከዚህ ወዲህ ራውተሩ እንደ አጋፋሪ ሆኖ፣ ከቤት የሚወጣውን ጥያቄ ግንኙነቱን ከሚለየው የፖርት ቁጥር ጋር በመዝገቡ ያሰፍራል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል፤ በመዝገቡ የሌለውን እንግዳ ግን ይመልሳል።

ኢድ ሶፍትዌር ኩዌክ የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1996 ሲያወጣ፣ ሰርቨሩ በዩዲፒ ፖርት 26000 ተጫዋቾችን ከኢንተርኔት ይቀበል ነበር። በሞደም ደውሎ የሚገባው ሰው በአብዛኛው ይፋዊ አድራሻ ስለሚሰጠው፣ የቤት ሰርቨር ማቆም ያን ያህል አላስቸገረም። ራውተር በየቤቱ ሲገባ ግን ሰርቨሩ ከአጋፋሪው በስተኋላ ስለ ቀረ፣ «በዚህ ፖርት የመጣውን ሁሉ ለዚህ ኮምፒውተር አስተላልፍ» የሚል ቋሚ ትእዛዝ በመዝገቡ መጻፍ ግድ ሆነ፤ ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚባለውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ብልሽቱን የሚመረምር ሰው ይህን ታሪክ ንብር በንብር ይገልጣል። አስቀድሞ የሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20፣ ራውተሩ ለጊዜው ያዋሰው ከሆነ ተለውጦ ትእዛዙን ከንቱ እንዳያደርገው በቋሚነት ያስይዘዋል። ቀጥሎ የፖርቱን ዓይነት ያረጋግጣል፤ የማይንክራፍት ጃቫ ዕትም 25565ን የሚጠቀመው በቲሲፒ ነውና፣ ዩዲፒ ብቻ ቢከፈት አይረባውም። የኮምፒውተሩንም ፋየርዎል ያያል። ፈተናውን በቤቱ ዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ ያደርገዋል፤ ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ተነሥቶ በይፋዊው አድራሻ ወደ ውስጥ የሚመለሰውን አያስተናግዱምና።

ይህ ሁሉ ተፈጽሞ በሩ እንቢ ካለ፣ በራውተሩ ገጽ የተጻፈውን የውጭ አድራሻ ከውጭ ከሚታየው ጋር ያስተያያል። የዓለሙ ማዕከላዊ የአድራሻ ክምችት እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2011 ካለቀ በኋላ፣ በሚያዝያ 2012 ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ለሚያስተዳድሩበት ሥራ ተለየ። የራውተሩ የውጭ አድራሻ ከዚህ ክልል ከሆነ፣ ከቤቱ አጋፋሪ በላይ ሌላ አጋፋሪ ስላለ፣ በቤት ራውተር የሚጻፍ ትእዛዝ ሁሉ ፍሬ አይሰጥም፤ መድኃኒቱ ይፋዊ አድራሻ ከአገልግሎት ሰጪው መጠየቅ ወይም ባለ 128 ቢቱን የአድራሻ ሥርዓት፣ አይፒቪ6ን፣ መጠቀም ነው።

የአይፒቪ6 የመጀመሪያ ሰነድ የወጣው በታኅሣሥ 1995፣ ጊዜያዊው ዘዴ ይፋ ከሆነ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነበር፤ ሆኖም ጊዜያዊው ለጠሪው ሕዝብ ስለ በቃ ዘላቂው ዘገየ፣ የመዘግየቱም ዕዳ በቤታቸው እንግዳ ሊቀበሉ በወደዱት ጥቂቶች ላይ ወደቀ። በአይፒቪ6 ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ አድራሻ የሚጋሩበት ምክንያት ቢቀርም፣ የራውተሩ ፋየርዎል ያለ ፈቃድ አይከፈትምና፣ የመፍቀዱ ሥራ ዛሬም ከባለቤቱ ጫንቃ አይወርድም።